የብቸኛዋ ጫጩት ጩኸት

ሸለምጥማጥ እናቷንና እኅቶቿን የፈጀባት ጫጩት፣ ጥሬና ውኃ ቀርቦላት ሳለ ጩኸቷን አታቋርጥም። ለመሆኑ መመገባችን ብቻ ግዴታችንን ይፈጽማልን? ዶሮ በመንጋ የሚኖር ፍጥረት ነው፤ ጫጩትም ሙቀት የምታገኘው፣ የሚበላውንም መለየት የምትማረው ከሌሎች ጋር ሆና ነው። ስለዚህ ጓደኛ መፈለግ ቅንጦት አይደለም።

ነገር ግን ከጎረቤት ዶሮ ሥር አንዲቱን ነጥቆ ማምጣት፣ ለራሳችን ጸጥታ ስንል ሌላ ጩኸት መፍጠር ነው። ካደጉት ዶሮዎች መካከል በድንገት መጨመርም ለመነቆር አሳልፎ መስጠት ይሆናል። የሚሻለው፣ ገና የቀናት ዕድሜ ያላት ከሆነች፣ እኩዮቿን ከታቀፈች ዶሮ ክንፍ ሥር በሌሊት አስገብቶ፣ ማለዳ መቀበሏን መመልከት ነው። ባትቀበላት መልሶ ማሞቅ የእኛ ድርሻ ነው።

ብትቀበላት ግን ጫጩቲቱ የጎረቤት ሆና ልትቀር ትችላለች። ርኅራኄያችን ለእርሷ ይሁን ወይስ ለንብረታችን የሚለየው በዚያን ጊዜ ነው።