ጥልቁን ማየትና ወሰንን ማወቅ

ሰው በእጁ ካለው ነገር ይልቅ ከዐይኑ የተሰወረውን ይመኛል። ተራራ ቢያይ ከወዲያው ምን እንዳለ ይጠይቃል፤ ባሕር ቢያይ ከበታቹ ምን እንደሚኖር ያስባል። ስለዚህም አስተዋዮች የሚከራከሩበት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ለማየት ብቻ ብሎ ወደማይኖሩበት ስፍራ መግባት ዕውቀት ነውን ወይስ ድፍረት? የሚል ነው። አንዳንዶች «ከሰው የተሰወረ ነገር ለሰው ባያስፈልገው ነው፤ ተሰውሮ ይቅር» ይላሉ። ሌሎችም «ዐይን የተሰጠን ለማየት ነውና የሚከለክለን የለም» ይላሉ። እኔ ግን ሁለቱም ወገኖች የጥያቄውን ግማሽ ብቻ የመለሱ ይመስለኛል፤ ምክንያቴንም በአንድ ምሳሌ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በካሪብያን ባሕር ኬይማን የሚባሉ ሦስት ደሴቶች አሉ። ከሦስቱ የምታንሰው ሊትል ኬይማን ትባላለች፤ ርዝመቷ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሰሜናዊው ዳርቻዋ ብለዲ ቤይ የሚሉት ስፍራ አለ። በዚያ የባሕሩ ወለል በ6 ሜትር ያህል ጥልቀት ሜዳ ሆኖ ከሄደ በኋላ በድንገት ይቈረጥና ከ300 ሜትር በላይ የሚወርድ ገደል ይሆናል። የገደሉም ፊት ባዶ ድንጋይ አይደለም፤ በልዩ ልዩ ኮራልና ስፖንጅ ተሸፍኖ ዓሣ የሚርመሰመስበት ነው። የስሜንን ገደል ከአፋፉ ቆሞ ያየ ሰው፣ ያ ገደል በጠራ ውኃ ተሞልቶ እርሱም ሳይወድቅ እንደ አሞራ በፊቱ ቢንሳፈፍ ምን እንደሚመስለው ያስብ። እኔ የደጋ ሰው ነኝና ከዚያ አልጠለቅሁም፤ የምናገረው ከመጻሕፍት ያነበብሁትንና ጠልቀው ከተመለሱ ሰዎች የሰማሁትን ነው።

ሰው በዚህ ዐይነት ገደል ፊት እንደ ልቡ መንሳፈፍ የቻለው ከቅርብ ዘመን ወዲህ ነው። ዣክ ኢቭ ኩስቶ የተባለ የባሕር ኃይል መኰንንና ኤሚል ጋኛን የተባለ መሐንዲስ፣ ሁለቱም ፈረንሳውያን፣ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1943 ዓ.ም. የታመቀ አየር ከብረት ሲሊንደር እየመጠነ ለጠላቂው የሚሰጥ መሣሪያ አበጁ። (ከዚህ በታች ያሉትንም ዓመታት በዚሁ አቈጣጠር እጽፋለሁ።) ነገር ግን መሣሪያው መንገዱን ከፈተ እንጂ ሕጉን አልሻረም። የውኃው ክብደት በየ10 ሜትሩ አንድ የአየር ግፊት ያህል ይጨምራል፤ በ30 ሜትር ጥልቀት ያለ ሰው ከላይ ሆኖ ከሚጨርሰው አራት እጥፍ አየር ይጨርሳል። ቸኩሎ ቢወጣም በሥጋውና በደሙ የሟሟው ናይትሮጅን አረፋ ሆኖ ይጐዳዋል፤ ሊገድለውም ይችላል። ስለዚህ በዝግታ ይወጣል፤ በ5 ሜትርም ላይ ሦስት ደቂቃ ያህል ቆሞ ይታገሣል።

ከዚህ ሁሉ የሚያስደንቀው ግን ሌላ ነው። በጥልቁ ዐይንም አእምሮም ይታለላሉ። ቀይ ቀለም ከሁሉ አስቀድሞ ይጠፋልና ጣቱ የተቈረጠ ሰው ደሙ አረንጓዴ መስሎ ይታየዋል። ከ30 ሜትር ገደማ ጀምሮም ያው ናይትሮጅን እንደ ጠጅ ያሰክራል። የሰከረውም ሰው ብዙ ጊዜ አይፈራም፤ ደስ ይለዋል፤ አሳቡም የጠራ ይመስለዋል። የአየሩን መጠን የሚያሳየውን ቍጥር ያነባል፤ የቍጥሩን ትርጓሜ ግን ልብ አይልም። መድኃኒቱ ከራስ ጋር መከራከር አይደለም፤ ጥቂት ሜትር ወደ ላይ መውጣት ነው፤ ያን ጊዜ ስካሩ ይለቀዋል። ስለዚህ ለማየት የሚወርዱ ሰዎች ገና በጀልባ ላይ ሳሉ ወሰናቸውን ይቈርጣሉ፤ ከ40 ሜትርም አያልፉም። ለብቻቸውም አይወርዱም፤ አንዱ የሌላውን ዐይን እያየ ነው እንጂ።

ይህ ነገር ለቅኔ ተማሪ እንግዳ አይደለም። በወጣትነቴ አንድ ሌሊት ሙሉ ስቈጥረው ያደርሁት ቅኔ ነበረ። እንከን የሌለበት መሰለኝ። ባልንጀራዬ «አንድ ቃል አላስኬደኝም፤ እንደገና እየው» ቢለኝ በቅናት የተናገረ መስሎኝ ተቈጣሁት። ማለዳ ለመምህሬ ስነግር ግሱ ከባለቤቱ ጋር እንደማይስማማ ገና ሳልጨርስ ተገለጠ። ያፈርሁት ስለ ስሕተቴ አልነበረም፤ ሰው ሁሉ ይሳሳታልና። ያፈርሁት በተሳሳትሁበት ሰዓት ከምንጊዜውም ይልቅ እርግጠኛ ስለ ነበርሁ ነው። ባልንጀራዬንም ይቅርታ ሳልጠይቀው ተለያየን።

እንግዲህ ወሰን ማለት ዕውቀትን የሚከለክል አጥር አይደለም፤ አእምሮ ጤነኛ በሆነበት ሰዓት፣ ለሚታወክበት ሰዓት አስቀድሞ የሚያስቀምጠው ምክር ነው እንጂ።

ነገር ግን ለራስ መጠንቀቅ ብቻ ይበቃልን? ኮራል ለሚያየው ድንጋይ ይመስላል፤ ነገር ግን ጥቃቅን እንስሳት ተባብረው የሠሩት ቤት ነው። በሥጋቸው ውስጥ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚያዘጋጅ ደቂቅ አልጌ ይኖራል፤ እነርሱ ማደሪያ ይሰጡታል፣ እርሱም ይመግባቸዋል። እንደ ቋጥኝ የሚከብዱት ዐይነቶች በዓመት ከጥቂት ሚሊ ሜትር እስከ አንድና ሁለት ሴንቲ ሜትር ቢያድጉ ነው። የጠላቂው እግር ሳያውቅ የሚሰብረው ከእርሱ ዕድሜ የሚበልጥ ሥራ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ «ተሰውሮ ይቅር» ያሉት ወገኖች «ብለን አልነበረምን?» ይሉ ይሆናል። መልሱን ከዚያችው ደሴት እናምጣ። ናሶ ግሩፐር የሚባለው ትልቅ ዓሣ በክረምታቸው፣ ጨረቃ በምትሞላበት ሰሞን፣ ለመራባት ከየስፍራው በአንድ ቦታ ይሰበሰባል። በ2001 ዓሣ አጥማጆች በሊትል ኬይማን ምዕራባዊ ጫፍ 7,000 ያህል ዓሣ የተሰበሰበበትን ስፍራ አገኙ፤ በሁለት ክረምትም 4,000 ያህሉን አጠመዱ። በ2003 መንግሥት በዚያ ማጥመድን ከለከለ፤ ተመራማሪዎችም በየዓመቱ እየጠለቁ ቈጠሩ። ከብዙ ዓመታት ትዕግሥት በኋላ የተረፈው ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኖ በዛ።

ሁለቱም ወገኖች ያዩት አንድ ጉባኤ ነው። አንደኛው ያየው ሊወስድ፣ ሁለተኛው ሊቈጥርና ሊመሰክር ነው። አጥማጆቹን ክፉዎች ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ማጥመድ እንጀራቸው ነው። የጐደላቸው «ምን ያህል ይበቃናል?» የሚለውን ዓሣውን ሳያዩ አስቀድሞ መወሰን ነው። ብዙ ሲታይ ልብ ይሰክራልና።

ይሁን እንጂ ነገሩን አቅልዬ ልጨርሰው አይገባኝም። ምንም ሳይነካ የሚያይ ሰው አለን? የባሕሩ ውኃ ከወትሮው የበጋ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ያህል በልጦ ለሳምንታት ሲቈይ ኮራሉ አልጌውን ያወጣና ይነጣል፤ ሙቀቱ ካልበረደም በረኃብ ይሞታል። በ2023 እና በ2024 ይህ ደዌ በብዙ ባሕሮች በአንድ ዘመን ታየ። ባሕሩን ያሞቀው ከሰልና ነዳጅ ማቃጠላችን ነው፤ ጠላቂውም ወደ ደሴቲቱ የሚሄደው ነዳጅ በሚያቃጥል አውሮፕላን ነው። ስለዚህ እጁን ሰብስቦ ያየ ሰው እንኳ ዕዳ ይዞ ይመለሳል። ከቤታችን ያልወጣነውም በዚህ አንጸድቅም፤ በመኪና የምንሄድና በነዳጅ በተሠራ ዕቃ የምንገለገል ሁሉ ድርሻችን መጠኑ ይለያይ እንጂ አይቀርም። አለማየት ንጽሕና አይደለም፤ ያላየ ሰው የሚጐዳውን አያውቅም፣ ያየ ሰው ግን «አላወቅሁም» ለማለት አይችልም።

ስለዚህ ለጥያቄው የምሰጠው መልስ ይህ ነው። ማየት የተፈቀደ ነው፤ ነገር ግን በነጻ አይደለም። የሚያይ ሰው ሳይወርድ ወሰኑን ይቍረጥ፤ በወረደ ጊዜም ከራሱ እርግጠኝነት ይልቅ የባልንጀራውን ምልክት ያምን፤ በተመለሰም ጊዜ ያየውን ይመስክር፤ በምስክርነቱም መሠረት ኑሮውን ያቅና። ይህን የማያደርግ ሰው ገደሉን አየ አይባልም፤ በገደሉ ፊት አለፈ እንጂ።

ያ ባልንጀራዬ ዛሬ በየት እንዳለ አላውቅም። ይህችን ጽሕፈት ቢያገኛት፣ ያላስኬደችው ቃል በእውነት የማታስኬድ እንደ ነበረች ይወቅልኝ።