ክፉውን ወሬ ማን ይንገራቸው?

ልጆቼ፣ ስለ መሪዎች ስታወሩ አዳምጣችኋለሁ። አንዱን «ጉረኛ» ትሉታላችሁ፤ ሌላውን «ትሑት ሰው ነው» ብላችሁ ታሞግሱታላችሁ። በምን ለካችሁት ብዬ ስጠይቅ የምትነግሩኝ ስለ አለባበሱ፣ ስለ አነጋገሩ፣ ስለ አጃቢው ብዛትና ፎቶው በየቢሮው ስለ መሰቀሉ ነው። ይህም ዋጋ የለውም አልልም። ፎቶውን በየግድግዳው የሚያሰቅል ሰው ስለ ራሱ የሚነግረን ነገር አለ። ዕድሜ ሰጥቶኝ የዘውዱንም፣ የወታደሩንም፣ ከዚያ ወዲህ የመጣውንም መንግሥት አይቻለሁ። ያየሁት ያስተማረኝ፣ ሕዝብን የሚፈጀውን የመሪ ትዕቢት በአፉ ሳይሆን በጆሮው መመርመር እንደሚሻል ነው። ክፉ ወሬ ወደ እሱ መድረሱን ባቆመበት ቀን፣ ያ ሰው አንዲት የትምክሕት ቃል ባይተነፍስም ትዕቢቱ ሥር ሰዷል።

ሁለት በዓላትን ላንሣላችሁ።

ሐምሌ 16 ቀን 1964 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ 80 ዓመት ሞላቸው። ልደታቸውም እንደ ወጉ በድምቀት ተከበረ። በዚያው ክረምት በወሎ ዝናቡ ሳይበቃ ቀረ፤ የተከታዩ ዓመት በልግም ከዳ። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ገበሬ በሬውን ሸጦ፣ ቀጥሎም የቤቱን ክዳን እንጨት ሸጦ፣ በመጨረሻ ልጆቹን ይዞ ወደ ደሴ መንገድ ወጣ። በእግራቸው ወደ አዲስ አበባ የተነሡትን ፖሊስ ከመንገድ መለሳቸው። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በግቢያቸው አሳዩ። ጉዳዩ ተሸፍኖ ከርሞ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ፊልሙን በአገሩ ቴሌቪዥን ሲያሳይ ዓለም ጉድ አለ። ጃንሆይ ወሎን የጎበኙት ከዚያ በኋላ፣ በኅዳር ነው። የሞተውን ሰው ብዛት ዝቅ አድርገው የሚገምቱት 40 ሺህ፣ ከፍ የሚያደርጉት 200 ሺህ ይላሉ።

እንግዲህ በእናንተ መለኪያ እንለካቸው። ጃንሆይን በቅርብ ያዩ ሁሉ የሚመሰክሩት ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ቁጥብ፣ ሲናገሩም የሚመጥኑ ሰው መሆናቸውን ነው። ጉራ አያውቁም። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ግን አካላቸው የተቀደሰ፣ ሥልጣናቸውም ክርክር የማይነሣበት እንደሆነ ይደነግግ ነበር። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የሚለው የአባቶች ተረት አንቀጽ ሆኖ ተጻፈ ማለት ነው። እንዲህ ባለ አገር የወረዳው ገዥ ለአውራጃው፣ አውራጃው ለጠቅላይ ግዛቱ፣ ጠቅላይ ግዛቱ ለሚኒስትሩ ሲጽፍ እያንዳንዱ እጅ ከመከራው ጥቂት ጥቂት ይቀንስለታል። ማንም ዋሽቶ ላይሆን ይችላል። እያለሳለሰ ነው። ከአራት እጅ በኋላ ረሃቡ «መጠነኛ የሰብል ጉድለት» ይሆናል። በተቀደሰ ሰው ፊት ቆሞ «በግዛትዎ ሕፃናት እየረገፉ ነው» የሚል ሚኒስትር ከየት ይመጣል?

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ወታደራዊው ደርግ የዲምብልቢን ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየ። የቤተ መንግሥቱን ግብዣና ድግስ ከወሎ ረሃብተኞች ምስል ጋር እያፈራረቀ አቀናብሮታል። ያየው ሰው አለቀሰ፤ ተቆጣም። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ በትንሽ ቮልስዋገን መኪና ከቤተ መንግሥት ተወሰዱ። ያን ቀን «ከእንግዲህ የሕዝብ ረሃብ አይደበቅም» ብለን ነበር፤ እንዲህ ብለን ማመናችንም አይፈረድብንም፣ ሰዎቹ ንጉሡን የጣሉት በዚሁ ክስ ነበርና።

ከዚያ ልክ 10 ዓመት ቁጠሩ። መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ተከበረ። ለዚያ ሲባል አዲስ አበባ ለወራት ስትታጠር፣ ስትቀባ፣ ቅስት ሲተከልባት ከረመች። የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች መጥተው አስጌጧት። የትግላችን ሐውልት ያኔ ቆመ፤ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲም (ኢሠፓ) ያኔ ተመሠረተ። እኔም በቀበሌ ተጠርቼ ከሰልፈኛው አንዱ ሆኜ አልፌአለሁ። በዚሁ ወቅት ሰሜን ወሎና ትግራይ በረሃብ ያልቁ ነበር። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን አስቀድሞ አስጠንቅቋል፤ ኮሚሽኑ ራሱ የተወለደው ከፊተኛው የወሎ ረሃብ ነው፤ እንዲያ ያለ ነገር እንዳይደገም የቆመ መሥሪያ ቤት ነበር። የኮሚሽኑ ኃላፊ የነበሩት ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ በኋላ አገር ጥለው ወጥተው በጻፉት መጽሐፍ፣ የደርጉ ሊቀመንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ረሃቡን ከአብዮቱ በፊትም የነበረ፣ የተለመደ ነገር አድርገው እንዳዩት ይተርካሉ። የውጭ ጋዜጠኞች ወደ ሰሜን እንዳይሄዱ በዓሉ እስኪያልፍ ተከለከሉ። ጥቅምት 13 ቀን የቢቢሲው ማይክል በርክ ከኮረም የላከው ዘገባ ሲተላለፍ አሁንም ከእኛ ቀድሞ የሰማው ዓለም ነው። በዚያ ረሃብ ከ400 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ሰው እንዳለቀ ይገመታል።

ልብ በሉ፤ መንግሥቱ ዘውድ አልጫኑም፣ «ግርማዊ» አልተባሉም። እኛም እሳቸውም እኩል «ጓድ» ነበርን። ካኪ ለብሰዋል። ግን «ጓድ ሊቀመንበር፣ ተሳስተዋል» የሚል ሰው አድሃሪ ወይም ፀረ አብዮት የሚል ስም ይወጣለት ነበር፤ ያ ስም በዚያ ዘመን ምን ያስከትል እንደነበር አያቶቻችሁን ጠይቁ። ስለዚህ የቀበሌው ሊቀመንበር «ዕቅዱ ተሳክቷል» ብሎ ጻፈ፤ የላይኛው «ከዕቅድ በላይ» አደረገው። አንዱን መሪ ዘርና ቅባት፣ ሌላውን አብዮት ከክፉ ወሬ ጋረዳቸው። ለሞተው ልጅ ልዩነት አልነበረውም።

«እንግዲህ ጥፋቱ የአንድ ሰው ጠባይ ነው» እንዳትሉኝ። «ከእኔ በላይ ላሣር» የሚል ሰው ብቻውን አይበቅልም፤ የሚያጨበጭብለት ያስፈልገዋል። አጨብጫቢው እኛ ነን። አለቃ ሲቀልድ ሳያስቀን የምንስቅ፣ ሲሾም ደጁን የምናጣብብ፣ ሲሻር ስልኩን የማናነሣ እኛ ነን። ትዕቢተኛ መሪ እንደ ጠጅ ጥንስስ ነው፤ ቀስ በቀስ የሚያፈላው የተጨመረበት ነገር ነው። ይህን የምለው መሪውን ነፃ ለማውጣት አይደለም። ወንበሩ የሱ ነውና ዕዳውም የሱ ነው።

የድሮ ሰዎች ነገሩ ጠፍቷቸው አልነበረም። ነገሥታትና መኳንንት «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ እንደነበር ሰምታችኋል። እረኛ በሜዳ የሚያንጎራጉረው፣ አዝማሪ በሰምና ወርቅ ሸፍኖ የሚጥለው፣ ሹም ያልደፈረውን እውነት ይዞ ይመጣል። እኔ በበኩሌ ይህን ልማድ እንደ ትልቅ ጥበብ ማወደስ አልወድም፤ ሹሙ ደፍሮ ቢናገር እረኛውን ማዳመጥ ባላስፈለገ። ቢሆንም የጠየቀው መኮንን አንድ ነገር ያውቃል፤ በፊቱ የሚነገረው ሁሉ እውነት እንዳልሆነ ያውቃል። የኋላዎቹ ይህችን ጥርጣሬ እንኳ አጡ።

አንድ ጥሩ ምሳሌ ደግሞ ከዐድዋ ዘመቻ ላምጣ። በ1888 ዓ.ም. ጥር ላይ የጣልያን ጦር መቀሌ እንዳ ኢየሱስ ላይ ምሽግ ይዞ ተቀምጧል። የእኛ ሰዎች ደጋግመው ወደ ግንቡ ቢወጡም ብዙ ጀግና ከመውደቁ በቀር ምሽጉ አልተደፈረም። እቴጌ ጣይቱ የውሃውን ምንጭ መያዝ እንደሚሻል መከሩ። ምንጩ ተያዘ፤ ምሽገኛው በውሃ ጥም ተጨንቆ ለቀቀ። ምኒልክ «ሥዩመ እግዚአብሔር ንጉሠ ነገሥት» የሚል ማዕረግ የተሸከሙ ሰው ናቸው፤ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው የሚያዩ ነበሩ ብዬ አልዋሻችሁም። ነገር ግን የጦር አዛዦቻቸው በተሰበሰቡበት፣ ያ ሁሉ ደም ከፈሰሰ በኋላ፣ ሚስታቸው ያመጡትን የተሻለ መላ ተቀበሉ። በዚያ ዘመን ስንቱ ባል ነው በሠራዊቱ ፊት እንዲህ የሚያደርግ? ትልቅ ማዕረግና ክፍት ጆሮ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ፤ ትንሽ ማዕረግና የተደፈነ ጆሮም እንዲሁ።

ሌላው ታሪክ የደቡብ አፍሪካው የኔልሰን ማንዴላ ነው። በ1954 ዓ.ም. ወደ አገራችን ሲመጡ ከካርቱም የተሳፈሩት በኢትዮጵያ አየር መንገድ ነበር። አብራሪው ጥቁር መሆኑን ሲያዩ ደነገጡ፤ ጥቁር ሰው አውሮፕላን ሊያበር አይችልም የሚለው የአፓርታይድ ሐሳብ በራሳቸው ውስጥ ተቀምጦ አገኙት። አዲስ አበባ ደርሰው በኋላም ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና ወሰዱ። ስለዚያች ድንጋጤ ማንም አያውቅባቸውም ነበር። የጻፉት ራሳቸው ናቸው፤ ያሳተሙትም ፕሬዚዳንት በሆኑበት ዓመት፣ ዓለም ሁሉ ሐውልት ሊያቆምላቸው በተሰለፈበት ጊዜ። ደጋፊው ሊሰማው የማይፈልገውን ስለ ራሱ የሚናገር መሪ ሌላውም እንዲናገረው በር ይከፍታል። ከዚያም አንድ የሥልጣን ዘመን ጨርሰው እ.ኤ.አ. በ1999 ወረዱ። ሕዝቡ ይቆዩልን ይል ነበር።

ከሁሉ ትዕቢት ተንኮለኛው የትሕትና ልብስ የለበሰው ነውና እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። «እኔስ ደክሞኛል፣ ሕዝቡ አልለቅህ ብሎኝ ነው» የሚል መሪ ከጉረኛው ይብስብኛል። ጉረኛውን ቢያንስ ታውቁታላችሁ። በቃል ሳይሆን በተግባር የወረደ መሪም አለ። የታንዛኒያው ጁሊየስ ኔሬሬ ጻድቅ አልነበሩም፤ ከአንድ ፓርቲ በቀር አልፈቀዱም፣ ገበሬውን «ኡጃማ» ወደሚባሉ የጋራ መንደሮች ያሰባሰቡበት መንገድም አገሪቱን ጎድቷታል። ግን እ.ኤ.አ. በ1985 ሥልጣናቸውን በፈቃዳቸው አስረክበው ቡቲያማ፣ ትውልድ መንደራቸው ገቡ። የእኛው ሊቀመንበር ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. በአውሮፕላን ወደ ዚምባብዌ ሲሄዱ ያስረከቡት ነገር አልነበረም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። «እኛ የት መሪ ሆነን?» ትሉ ይሆናል። የተማሪ ማኅበር ትመራላችሁ፣ የሠፈር ዕድር ፀሐፊ ትሆናላችሁ፣ ቢሮ ከፍታችሁ ሰው ትቀጥራላችሁ፣ በፌስቡክና በቴሌግራም ብዙ ሺህ ተከታይ የሰበሰባችሁም አላችሁ። ትዕቢት ቤተ መንግሥት እስክትገቡ አይጠብቃችሁም። ተከታዮቻችሁ በሙሉ «ትክክል ብለሃል» ብቻ ካሏችሁ፣ የተቃወመውን ሁሉ ካገዳችሁት፣ እናንተም ደጃችሁን ዘግታችኋል።

ስብሰባ ስትመሩ መጨረሻ ተናገሩ። መሪ መጀመሪያ ከተናገረ የቀረው ሰው ሐሳቡን ትቶ የእሱን ሐሳብ ማሳመር ይጀምራል። ሪፖርት ያመጣላችሁን ሰው «ምን ያልጻፍከው ነገር አለ?» በሉት፤ መጀመሪያ ይደነግጣል፣ በሦስተኛው ጊዜ ይነግራችኋል። ክፉ ወሬ ያመጣውን ሰው በሰው ፊት አመስግኑት፤ ልታጣሩት ብትፈልጉ በኋላ አጣሩት። የሚያመሰግናችሁን ደግሞ አታባርሩት፣ ሰው ምስጋና ይወዳልና አስመስላችሁም አትጠየፉት፤ ብቻ ገንዘቡንና ሹመቱን በእሱ እጅ አታድርጉ። መሪ መወሰን አለበት፤ ሁሉን ሰምቶ የማይወስንም ጥፋተኛ ነው። ያዳመጣችሁትን ሁሉ እንድትቀበሉ አልጠይቃችሁም። የምትወስኑት ከሰማችሁ በኋላ ይሁን።

ወንበሩ የሌላ ሰው ከሆነና እናንተ ከታች ከተቀመጣችሁ ደግሞ የእናንተ ድርሻ ማጨብጨብ አይደለም። በሚቀጥለው ስብሰባችሁ አለቃው «ሁሉ ነገር ተሳክቷል» ሲል እጃችሁን አውጥታችሁ ያልተሳካውን ጠይቁ። ስትጠይቁ አክብራችሁ ጠይቁ፤ የቀረበውን ቁጥር አጥንታችሁ ግቡ። ብቻችሁንም አትግቡ፤ አንድ ሰው ሲናገር ማባረር ቀላል ነው፤ ሦስት አራት ሆናችሁ ተነጋግራችሁ፣ አንዱ ሲጀምር ሌላው እየተቀበለው ተናገሩ።