ጋዜጣውን ይዘሽ ወደ ደጅ ውጪ

ልጄ፣ ካምፓላ ላይ የሐበሻ ልጆችን ቅዳሜ ቅዳሜ ሰብስበሽ ልታስተምሪ መነሣትሽን ስሰማ ደስ አለኝ። «መጽሐፍ የለንም፤ ያለን የካንሳንጋ ሰፈር ባለሱቆች የሚያጠራቅሙልን አሮጌ ጋዜጣ ብቻ ነው» ብለሽ ስታዝኚ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። ብልህ ልጅ የሰጡትን ይዞ ያለቅሳል ይባላል። በእጅሽ ያለው ቀላል ነገር አይደለምና መጀመሪያ እርሱን አጥብቀሽ ያዢ።

እኔ ንባብ የለመድኩት ከግድግዳ ላይ ነው። ደብረ ታቦር የነበረው የአያቴ ቤት ግድግዳ በዱቄት ሙጫ በተለጠፈ «አዲስ ዘመን» ተሸፍኖ ነበር። ክረምት ዝናቡ ከቤት አላስወጣን ሲል መደብ ላይ ቆመን፣ በጣታችን መስመሩን እየተከተልን እናነብ ነበር። አንድ ቀን ጮክ ብዬ ሳነብ አያቴ «ምን ይላል?» አለችኝ። «መኸሩ ተሰበሰበ ይላል» አልኳት። «መቼ?» አለች። ቀኑን ፈልጌ «ኅዳር» ስላት ራሷን ነቀነቀች። «እንግዲያስ እውነቱን ነው፤ እህሉ የሚታጨደው በኅዳር ነው» አለች። ፊደል ያልቆጠረች ሴት የታተመውን ቃል በወቅቱ መዘነችው። እኔም ማንበብ ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ምክሬም ከዚያ የተቀዳ ነው። ልጆቹ ጋዜጣውን ሲያነቡ ከሰማዩ፣ ከገበያው፣ ከበዓሉ ጋር ያመሳክሩት። የአንድ ቀን ጋዜጣ ወሬ ነው። እያጠራቀሙ ዓመት ካቆዩት ግን የወቅት መጽሐፍ ይሆናል።

ከዝናቡ ጀምሪ። ካምፓላ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች እንደ አገራችን አንድ ረጅም ክረምት የላትም። ዋናው ዝናብ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ አንዱ ከማርች እስከ ሜይ፣ ሌላው ከሴፕቴምበር ጀምሮ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ግድም። ልጆቹ የአየር ትንበያውን ከ«ኒው ቪዥን» ወይም ከ«ሞኒተር» ቆርጠው በደብተር ይለጥፉ። በማግስቱ በእርግጥ ዘንቦ እንደሆነ ከጎኑ ይጻፉ። አጠገቡ የማቶኬን፣ የዚያን ተቀቅሎ የሚበላ ሙዝ፣ ዋጋ ያስፍሩ። ከጥቂት ወር በኋላ ዝናቡና ዋጋው እንዴት እንደተያያዙ ማንም ሳይነግራቸው መጠየቅ ይጀምራሉ።

የአገሬውንም ቋንቋ አትለፊው። እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የሚታተመው የሉጋንዳ ጋዜጣ «ቡኬዴ» ይባላል፤ «ነጋ» ማለት ነው። ከእኛው «አዲስ ዘመን» ጋር የስም ዘመድ ናቸው። በሉጋንዳ ማርች «ሙጉላንሲጎ» ነው፤ ዘር የሚገዛበት ወር። ኖቬምበር ደግሞ «ሙሴኔኔ» ነው፤ ንሴኔኔ የሚሉት አረንጓዴ ፌንጣ የሚመጣበት። የእኛ ልጆች ፌንጣ ይበላል ወይ ብለው ይሸማቀቁ ይሆናል። ያን ጊዜ የጎረቤት ልጅ ጠርተሽ ስለ ንሴኔኔ የተጻፈውን ያንብብላቸው፣ ይተርጉምላቸው። እነርሱም ስለ አደይ አበባ በተራቸው ይንገሩት።

መስከረም ሲጠባ በአገራችን የትምህርት ዓመት ይከፈታል፤ ካምፓላ ግን ዓመቱ የተጀመረው በፌብሩዋሪ ስለሆነ ሦስተኛው ተርም ነው። የዚያን ጊዜ ሁለት ጋዜጣ ጎን ለጎን አስቀምጪ። የካምፓላው ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ሲል፣ የአዲስ አበባው መስከረም 1 ቀን 2017 ይላል። ልዩነቱን ያስሉ። ጃንዋሪ ሲገባ ሰባቱ ዓመት ለምን ስምንት እንደሚሆን ይድረሱበት። እንቁጣጣሽን በዘፈን ብቻ የሚያውቅ ልጅ በሒሳብም ያውቀዋል።

ዲሴምበር ሲመጣ ገጹን ማስታወቂያ ይሞላዋል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። «ዋጋ ቀነሰ» የሚለውን ካለፈው ወር ዕትም ጋር ያስተያዩ፤ እውነት ቀንሶ እንደሆነ ራሳቸው ይፍረዱ።

ጋዜጣው አነሰን አትበዪ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። አንዱን ጋዜጣ በየሉሁ ለያይተሽ ለየቡድኑ ስጪ። እያንዳንዱ ቡድን ያነበበውን ለሌላው ይተርክ፤ የሰማ ላልሰማ ያሰማ። ለልጆች ተብሎ የተዘጋጀም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረውና ለላይኛው የአንደኛ ደረጃ ክፍሎች የታሰበው «ያንግ ቶክ» በዚያው በካምፓላ የተወለደ ነው። ቢያጋጥምሽ አስቀምጪው። ትምህርት ቤቶች በማርች 2020 ተዘግተው ሙሉ በሙሉ እስኪከፈቱ ጃንዋሪ 2022 በደረሰበት በዚያ ክፉ የኮሮና ጊዜ፣ የካምፓላ ጋዜጦች ትምህርት እያተሙ ያወጡ ነበር። ወረቀቱ ግን ብቻውን አያስተምርም፤ አጠገቡ «ምን ይላል?» የሚል ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ ልጆቹ ገጹን ወደ ቤት ይውሰዱት፤ እናትና አባትም ይጠይቋቸው።

ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። ጋዜጣውን ሳታነቢ ለልጅ አትስጪ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፤ የደምና የአደጋ ሥዕል ያለበትን ገጽ ማታውኑ ለይተሽ አውጪ። ሁለተኛው ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል የሚለው ነው። ልጆች መቀስ ሲይዙ ሥዕሉን ይወስዱና ቀኑን ይጥሉታል። ቀን የሌለው ወሬ ወቅቱ አይታወቅም፤ እውነትነቱንም መመዘኛ የለውም። ማንኛውም ቁራጭ ደብተር ላይ ከመለጠፉ በፊት ቀኑ በእጅ ይጻፍበት። አያቴ የጠየቀችኝ እርሱን ነበር፤ አንቺም መጀመሪያ እርሱን ጠይቂ።

በይ ልጄ፣ የዘራሽው ይብቀልልሽ። ያስተማርሻቸው ልጆች ሁለቱንም አገር የሚያነቡ ይሁኑልሽ።