ስም ያልተጠራላቸው ሰባዎቹ

ድል አድራጊ በመጀመሪያ የሚፈራው ሠራዊትን ነው። ቀጥሎ የሚፈራው ግን መሣሪያ ሳይዝ የሕዝብን ትዝታና ፍርድ በቃሉ የያዘውን ሰው ነው። ሮማውያን የኬልት ሕዝቦችን አገር ከያዙ በኋላ ድሩይድ የሚባሉትን ካህናት ያሳደዱት ስለዚህ ይመስለኛል። ዩልዮስ ቄሳር እንደጻፈው፣ እነዚህ ካህናት ዳኞችም መምህራንም ነበሩ። ትምህርታቸው በጽሑፍ እንዲሰፍር ስለማይፈቅዱ አንዳንዱ ተማሪ እስከ 20 ዓመት ድረስ በቃሉ ያጠና ነበር። በአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ኢትዮጵያዊ ይህን ሲያነብ የዜማና የቅኔ ቤቱን ማስታወሱ አይቀርም።

በ60 ወይም በ61 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የሮማ ጦር ሞና የተባለችውን የብሪታንያ ደሴት ሲወር፣ ታኪቶስ እንደተረከው፣ ካህናቱ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ወራሪውን ይራገሙ ነበር። በሰይፍ ወደቁ፤ የተቀደሱ ደኖቻቸውም ተመነጠሩ። የሮማ ክስ «ሰው ይሠዋሉ» የሚል ነበር። ክሱ እውነት ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ሮማ ራሷ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ216 ዓመት፣ ከካናይ ሽንፈት በኋላ፣ ጎላውያንንና ግሪካውያንን በገበያዋ መካከል ከነሕይወታቸው ቀብራለች። ከሳሹ ዳኛም ምስክርም ሲሆን፣ እውነተኛ ክስ እንኳ ፍትሕን አይወልድም።

ከአሥራ ዘጠኝ መቶ ዓመታት ገደማ በኋላ ከዚያችው ከተማ የታዘዘ ጦር በእኛም አገር ተመሳሳይ ሥራ ሠራ። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተደብድበው ሞቱ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ጣሉ፤ በግንቦት ወር የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በጄኔራል ማሌቲ ጦር ተረሸኑ። በእነዚህ መካከል ግን ጥቂት ሰው ብቻ የሚያነሣው ሌላ ግድያ አለ። ግራዚያኒ በመጋቢት ወር ወደ ሮም በላከው ቴሌግራም፣ የከተማዪቱና የአካባቢዋ አዝማሪዎች፣ ጠንቋዮችና አስማተኞች ሁሉ እንዲረሸኑ ማዘዙን፣ እስከዚያ ዕለትም 70 መገደላቸውን አስታወቀ።

ለአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት አቁመናል፤ የደብረ ሊባኖስንም ሰማዕታት እናስባለን። ለሰባዎቹስ ማን ተዝካር አወጣላቸው? ዝምታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን ጠንቋይን ስታወግዝ ኖራለች፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም በ15ኛው መቶ ዘመን ጥንቆላን በብርቱ ቅጣት አሳድደዋል። አዝማሪውንም ብንሆን በሠርጋችን ጠርተነው ከማዕዳችን እናርቀው ነበር። የናቅነውን ሰው ጠላት ሲገድለው ኀዘናችን ይሰንፋል።

እኔ ሐኪም ነኝ፤ ኑሮዬም በጆሃንስበርግ ነው። በሽታቸው ሥር ከሰደደ በኋላ ከሳንጎማ ቤት ወደ እኛ የሚመጡ ሕሙማንን አይቻለሁና፣ ለጥንቆላ ጥብቅና መቆሜ አይደለም። ሆኖም ይህች አገር ሁለት መንገዶችን ሞክራለች። በ1957 (እ.ኤ.አ.) የአፓርታይድ መንግሥት ያወጣው የጥንቆላ ማፈኛ ሕግ ጎረቤቱን ጠንቋይ ነው ብሎ የሚከስሰውንም፣ ይህን ኃይል አለኝ የሚለውንም በወንጀል የሚያስጠይቅ ነበር። በ2007 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ሕግ ደግሞ የባህል ሐኪሞች ምክር ቤት እንዲኖራቸውና እንዲመዘገቡ ደነገገ። ይህ ሁለተኛው ሕግ ሳንጎማው ሁሉ ትክክል ነው ማለት አይደለም። በስሙ የተመዘገበ ሰው ግን ሊጠየቅና ሊመልስ ይችላል። ጥፋትን ማረም ማለት ለእኔ ይህ ነው።

ሰባዎቹን ማንም አልጠየቃቸውም። ያስገደላቸውም ቃላቸው ሐሰት መሆኑ ሳይሆን በሕዝብ ዘንድ መሰማቱ ነው፤ የጣሊያን አገዛዝ ማለቂያው ቀርቧል እያሉ ያወሩ ነበርና። አገዛዙ በ1933 ዓ.ም. አበቃ። እንግዲህ የካቲት 12ን ስናስብ ጥንቆላን መደገፍ ሳያስፈልገን ለእነዚህ ሰዎችም ጸሎት ልናደርስላቸው ይገባል። ስማቸውን የሚነግረን ሰው ባይገኝም ቁጥራቸውን ገዳያቸው ራሱ ጽፎልናል።