ውሃና ዘይት



ወንድሜ፣ ሊማሊሞን ጭነህ ስትወጣ የሙቀቱ መርፌ ቀይ ነካ እንበል። ደባርቅ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ካልገጠመ ውሃው ወዲያው ያልቃል። "ትንሽ ቀረኝ" ብለህ ነዳህ። ጎንደር ጋራዥ ስትገባ ውሃ ተቀላቅሎበት ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቷል።

ቴስታታው ወርዶ፣ መጣመሙ ታይቶ ይሠራ? ወይስ ዘይት ተቀይሮ፣ ሞተሩ ታጥቦ ይሸጥ? "ገዢው ዓይን የለውም እንዴ?" የሚል አይጠፋም። ዓይንማ አለው፤ የሚያየውን ነው ያጠብክበት።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ላይ እጃቸውን እህል ክምር ውስጥ ቢያስገቡ እርጥበት አገኙ። ሻጩ ዝናብ እንደመታው ነገራቸው። ዝናቡ ጥፋቱ አልነበረም፤ የወቀሱት እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ባለማድረጉ ነው።

ስለዚህ መጠገን ግዴታ አይደለም። ወጪው ካልተቻለህ እንዳለ ሽጠው፤ ሞተሩ እንደሞቀ ግን ተናገር። ዋጋው ይወርዳል፤ ዕዳ ላለበት ሰው ደግሞ ያማል፣ አውቃለሁ። (መካኒኩም "እኔ አልሸጥኩ" አይበል፤ አጥቦ የሰጠው እሱ ነው።)

ገዢው ነገ ያንኑ ሊማሊሞን ጭኖ ሲወርድ፣ በከባድ ማርሽ መኪናውን የሚይዝለት ይኸው ሞተር ነው። ጎኑ የተቀመጠው ረዳት ምናልባት የአንተ እኩያ ነው።