ርስት ያልነበራቸው ቅድመ አያቶች

በጎንደር ዘመን የመሬት ሽያጭ፣ ስጦታና ኑዛዜ የሚጻፈው ቤተ ክርስቲያን ባለ ብራና ላይ ነበር፤ በወንጌሉ ኅዳግ፣ ባዶ በቀረው ገጽ ላይ፣ ምስክሮቹ በስም እየተጠሩ። ሴቶችም አሉበት። ርስት በእናትም በአባትም ይወረስ ነበራ!

ግን ልብ በሉ፤ እዚያ የሚታወሰው መሬት የነበረው ሰው ነው። ብዙ ቦታ ርስት የተከለከሉት ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋ በየት በኩል ይግቡ? ባሪያማ ቢጻፍ እንኳ እንደ ንብረት ነው።

የቃል ትውስታውም ከዚህ አያመልጥም። «እገሌ የእገሌ ልጅ» እያሉ እስከ ዋናው አባት መቁጠር የርስት ክርክር ማስረጃ ነበር። መሬት የማያስገኝ አያት ማን ይቆጥረዋል? በየካቲት 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ይህ ቆጠራ ዋና ጥቅሙን አጣ።

ታዲያ ዛሬ እኛ የምንቆጥረው ምን ለማግኘት ነው? አንዳንዱ ዘመድ ሳይሆን ማዕረግ ነው የሚፈልገው፤ ይህ እንግዲህ ያው የድሮው የርስት ክስ ነው፣ መሬቱ ብቻ የለም። ባላባት ሲያገኝ ፍለጋውን ያቆማል። ቅድመ አያት እኮ ስምንት ነው። የቀሩት ሰባቱም ወልደውታል፤ ምናልባት አንዷ ስሟ የትም ያልተጻፈ ገረድ ናት። እሷን ሳይፈልግ «ዘሬን አወቅሁ» ማለቱ ለእኔ አይዋጥልኝም።