አንድ ንባብ ብቻ ያለው ቁጥር

ልጆቼ፣ በእንግሊዝኛ የንግድ ደብዳቤ መጻፍ ስትጀምሩ የምትሰጉት ለሰዋስዉ ነው። ግሱ ሰምሯል ወይ፣ አነጋገሩስ ጨዋ ነው ወይ እያላችሁ ትጨነቃላችሁ። ዕድሜዬን የውጭ ንግድ ሰነድ ሳገላብጥ የኖርኩ ነኝና አንድ ነገር ልንገራችሁ። ግሱ የተዛባ ደብዳቤ ሲደርሰው ገዢው ሐሳቡን ገምቶ ያልፈዋል። ቁጥሩ ሁለት ዓይነት የሚነበብ ሲሆን ግን ከሁለቱ ለእሱ የሚስማማውን ይይዛል፤ ክርክሩ የሚጀመረው ዕቃው ከተጫነ በኋላ ነው።

መማሪያ መጻሕፍቱ የሚጀምሩት የትኛው ቁጥር በፊደል፣ የትኛው በአኃዝ ይጻፍ ከሚለው ነው። የአሜሪካ ጋዜጠኞች የሚሠሩበት የአሶሺዬትድ ፕሬስ መመሪያ በጥቅሉ እስከ ዘጠኝ በፊደል፣ ከ10 ጀምሮ በአኃዝ ይላል። የመጽሐፍ አሳታሚዎች የሚከተሉት የቺካጎ መመሪያ እስከ መቶ ድረስ በፊደል ያስጽፋል። ለንግድ ደብዳቤ የመጀመሪያው ይሻላል እላለሁ፤ ዓይን ቶሎ ይይዘዋል። መሥሪያ ቤታችሁ ሌላውን ከመረጠ ግን አትከራከሩ፤ በተመረጠው ጽኑ። ዋጋ፣ ክብደት፣ መቶኛና ቀን ትንሽም ቢሆኑ በአኃዝ ይጻፋሉ። ዓረፍተ ነገር በአኃዝ አይጀመርም። ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ከመጡ፣ ለምሳሌ ባለ 60 ኪሎ አሥር ከረጢት በእንግሊዝኛ ስትሉ፣ አንዱን በፊደል ጻፉት፤ አለዚያ ተጣብቀው 1060 ይመስላሉ።

ገንዘብ በአንድ ሰነድ ላይ በአኃዝም በፊደልም ሲጻፍ ጉዳዩ የአጻጻፍ ምርጫ መሆኑ ያበቃል፤ ሕግ ይገባበታል። ሁለቱ ካልተስማሙ የሚጸናው በፊደል የተጻፈው ነው። የእንግሊዝ የ1882 የሐዋላ ወረቀት ሕግ ይህን ይደነግጋል፤ በ1931 ጄኔቫ ላይ የተፈረመው የቼክ ስምምነትም እንዲሁ። ስለዚህ በፊደል የምትጽፉት ማሟያ ሳይሆን ዋናው መሆኑን ዕወቁ። አራት በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ያለችው ‘ዩ’ የምትባል ፊደል አርባ ላይ ስትደርሱ ትወጣለች፤ ብዙ የተማረ ሰው እዚህ ላይ ይስታል። ከ21 እስከ 99 ያሉት ጥምር ቁጥሮች በመካከላቸው ሰረዝ ይገባቸዋል። ሚሊዮን ከፊቱ ቁጥር ካለ የብዙ ቁጥር ምልክት አይጨመርበትም፤ ፋይቭ ሚሊዮን እንጂ ፋይቭ ሚሊዮንስ አይባልም።

አሁን ወደሚያከስረው እንምጣ። ጀርመን ከቡናችን ትልልቅ ገዢዎች አንዷ ናት፤ ጀርመኖች ደግሞ ነጥብና ኮማን የሚጠቀሙት ከእንግሊዝኛው በተቃራኒ ነው። እናንተ 1,250 ቶን ብላችሁ የጻፋችሁት በእነሱ ልማድ አንድ ቶን ከሩብ ነው። በእንግሊዝኛ እስከጻፋችሁ ድረስ ሺሁን በኮማ፣ ክፍልፋዩን በነጥብ ለዩ፤ የገንዘብ ልክ ሲሆን ሁለቱን ሳንቲም ቤቶች ባዶ ቢሆኑም አትተዉ። 1,250.00 ብሎ የጻፈ ሰው ሁለቱንም ምልክት ስላሳየ የሚያደናግርበት አይኖርም። ከሕንድ ነጋዴ 1,00,000 የሚል ቢመጣላችሁ የኮማ ስሕተት አይምሰላችሁ፤ መቶ ሺህ ነው፣ እነሱ ላክ ይሉታል። ቢሊዮንም ቢሆን በጀርመንኛ ሺህ ቢሊዮናችን ነው። እንግሊዞች ራሳቸው የመንግሥት ቁጥሮቻቸውን በአሜሪካው ቢሊዮን ማውጣት የጀመሩት በ1974 ነው። ትልቅ ገንዘብ በውል ላይ ሲገባ ዜሮዎቹን በሙሉ መጻፍን እመርጣለሁ።

መለኪያም የቁጥሩ አካል ነው። እኛ በኩንታልና በፈረሱላ ተነጋግረን እንግባባለን፤ ፈረሱላ 17 ኪሎ መሆኑን የኒው ዮርክ ገዢ ከየት ያውቃል? የእሱ የቡና ገበያ ዋጋ የሚጠራው በአንድ ፓውንድ ስንት የአሜሪካ ሳንቲም እየተባለ ነው። ሰሌዳው 250 ሲል ፓውንዱ 2.50 ዶላር፣ ኪሎው ደግሞ 5.51 ዶላር ገደማ ነው። ቶን ስትሉም ሜትሪክ ቶን በሉ፤ የአሜሪካው ቶን 907 ኪሎ፣ የድሮው የእንግሊዝ ቶን 1,016 ኪሎ ነውና። ዶላርም የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የአውስትራሊያ ሊሆን ስለሚችል የገንዘቡን ዓለም አቀፍ ባለ ሦስት ፊደል መለያ ከቁጥሩ ፊት አድርጉ፤ መለያውን ከጻፋችሁ በኋላ ከቁጥሩ ኋላ ዶላር የሚለውን አትድገሙ።

ከሁሉ በላይ እንድታስተውሉት የምፈልገው ‘አባውት’ የምትባለዋን ቃል ነው። እኛ ‘ገደማ’ ማለት ትሕትና ይመስለናል፤ ቁርጥ አድርጎ መናገርን እንደ ድፍረት እናየዋለን። የባንክ የክፍያ ዋስትና በሆነው በኤልሲ ላይ ግን ይህች ቃል የተወሰነ ልክ አላት። ከጁላይ 2007 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጀምሮ ባንኮች በኤልሲ የሚሠሩበት ደንብ፣ ዩሲፒ 600፣ በ30ኛው አንቀጹ፣ ቃሏ ከገንዘቡ፣ ከመጠኑ ወይም ከነጠላ ዋጋው ጋር ከተጻፈች እስከ 10 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ማለት ይቻላል ይላል። የሚፈቀደውም ቃሏ ለተጻፈችበት ቁጥር ብቻ ነው። መጠኑ ላይ ጽፋችሁ ገንዘቡ ላይ ከተዋችሁት፣ ተጨማሪውን ብትጭኑም ኤልሲው ተጨማሪ ክፍያ አይሰጣችሁም። ቃሏ በሌለችበት ደግሞ ሌላ ልዩነት አለ። 19,200 ኪሎ ተብሎ የተጻፈ ጭነት፣ ኤልሲው እንዳይበልጥ ወይም እንዳይጎድል ካልከለከለና ጠቅላላው ክፍያ ከኤልሲው ገንዘብ ካላለፈ፣ 5 በመቶ ማለትም 960 ኪሎ ከፍ ዝቅ ቢል ይቀበሉታል። ያንኑ ጭነት 320 ከረጢት ብላችሁ በጥቅል ቁጥር ከወሰናችሁት ግን ይህ መፈናፈኛ የለም፤ አንድ ከረጢት ቢጎድል ዲስክሬፓንሲ (የሰነድ አለመጣጣም) ይባላል፣ ክፍያውም ይያዛል። ስንት ላኪ በዚህ ምክንያት ባንክ ደጃፍ ሲንከራተት አይቻለሁ። ኤልሲው ሲከፈት ቁጥሩ በኪሎ ነው በከረጢት ብሎ የጠየቀ ወጣት ለድርጅቱ ብዙ ነገር አዳነ።

በመቶኛ ላይ ብዙ አልቆይም። ወለዱ ከ10 ወደ 15 በመቶ ወጣ እንበል፤ የጨመረው አምስት የመቶኛ ነጥብ ነው፣ በመቶኛ ከተሰላ ግን 50 በመቶ ነው። ከየትኛው እንደምትናገሩ ግለጹ።

ቀን ላይ ግን እኛ ኢትዮጵያውያን ከሌላው ሁሉ ይበልጥ መጠንቀቅ አለብን። 03/04/2017 የሚለውን ተመልከቱ። እንግሊዛዊው ኤፕሪል 3 ያደርገዋል፣ አሜሪካዊው ማርች 4። የአዲስ አበባው ጸሐፊ በእኛ ዘመን አቆጣጠር ጽፎት ከሆነ ታኅሣሥ 3 ቀን ነው፤ ያ ደግሞ በእነሱ ዲሴምበር 12 ቀን 2024 ነው። ከሰባት ዓመት በላይ ልዩነት አለ ማለት ነው! ጳጉሜን 3ን 03/13 ብላችሁ ብትጽፉ እንኳ አሜሪካዊው ማርች 13 ነው ብሎ ሳይጠይቅ ያልፋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ወሩን በስሙ ጻፉ፣ ዓመቱን በአራት አኃዝ። የእኛን ቀን መጥቀስ ግድ ከሆነ ሁለቱንም አስቀምጡና የትኛው በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አመልክቱ። ዩሲፒ ለወር ክፍሎችም ልክ ሰጥቷል፦ የወር መጀመሪያ ሲባል ከ1 እስከ 10፣ አጋማሽ ከ11 እስከ 20፣ መጨረሻ ከ21 እስከ ወሩ ማብቂያ ነው። በወሩ መጨረሻ እንጭናለን ብላችሁ በ20ኛው ቀን ከጫናችሁ አስቀድማችኋል።

ሰዓቱም እንደ ቀኑ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት የምንለው ለእነሱ ዘጠኝ ነው፤ ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ ሲቸኩሉ ግን እጅ የለመደውን ይጽፋል። በ24 ሰዓት አቆጣጠር 09:00 ወይም 15:00 ብላችሁ ጻፉና ከጎኑ የከተማውን ስም አስከትሉ። አዲስ አበባ ሰዓቷን አትቀይርም፤ በርሊን ግን በበጋዋ ከእኛ አንድ ሰዓት፣ በክረምቷ ሁለት ሰዓት ወደኋላ ትሆናለች፣ ኒው ዮርክም ሰባት ወይም ስምንት። በሴፕቴምበር የተያዘ ሳምንታዊ የስልክ ቀጠሮ ካላችሁ፣ አውሮፓ በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ሰዓቷን ስትመልስ አዲሱን ሰዓት በጽሑፍ አረጋግጡ።